ያልታየው ቀረጻ የማን ነው?

መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የጠረፍ ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ይህ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሰሊጥ ይስማማል፤ ለካሴት ግን ጠላት ነው። በገንዳ ውኃም ሆነ በሌሎቹ የቆላ ከተሞች ሠርግ፣ ገበያ፣ አዝመራና ስደት ሲቀርጹ የኖሩ ባለሙያዎች ቤት ተቀርጾ ያልታየ ምስል ተከማችቷል። ይጣል? ይቀመጥ? ለሕዝብ ይውጣ? የሚከተለው ምልልስ ጥያቄውን በሁለት ወገን አቁሞ ይፈትነዋል። አንደኛው ተናጋሪ ዕድሜያቸውን በቆላው ሲቀርጹ የኖሩ ካሜራማን ናቸው፤ ሁለተኛዋ ጎንደር ውስጥ ታሪክ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ሐሳባቸው የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በስም አልተጠሩም።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ካሴቶቹን ሊያቃጥሉ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ካሜራማኑ፦ እውነት ነው፣ ልጄ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚጠግነውም አላገኘሁም። ሠርጉን ለባለሠርጎቹ ሰጥቻለሁ፤ ታዝዤ የቀረጽኩትን ላዘዘኝ አስረክቤያለሁ። በሣጥኑ የቀረው ኤዲት ሲደረግ ተቆርጦ የወጣው ነው። ያኔ ያልተፈለገ ነገር ዛሬ ማን ይፈልገዋል?

መምህርቷ፦ እኔ ደግሞ የመጣሁት ተቃራኒውን አስቤ ነው። ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን ዩቲዩብ ላይ እንጫነው። የትም ያለ ሰው ያየዋል፤ ከመጥፋትም ይድናል።

ካሜራማኑ፦ ሁሉንም? ምን እንዳለበት ሳታዪ?

መምህርቷ፦ እንግዲያው ከዚያ እንጀምር። ምን አለበት?

ካሜራማኑ፦ በጥቅምት ሰሊጥ ሲታጨድ፣ ሂላው፣ ማለትም የታሰረው ሰሊጥ ክምር፣ ሲቆም፣ ሲራገፍ። ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቀው፤ ሳሉግ የሚባሉት ቆላውን የለመዱ ሠራተኞች ከግራር ሥር ሲያርፉ። የመተማ ዮሐንስ ገበያ፣ ከማዶ የሚመጡት ነጋዴዎች። የጉሙዝ መንደር ጭፈራ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የሰፈራ መርሐ ግብር ከደጋ የመጡ ገበሬዎች የመጀመሪያ ጎጇቸውን ሲቀልሱ። በካላዛር የታመመ ወጣት። በ2011 ዓ.ም. ግጭት የተቃጠለ ቤት። በመጨረሻም በስልክ የቀረጽኩት አለ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የተሻገረው ሕዝብ።

መምህርቷ፦ ይህን ሁሉ ነው ማንም አይፈልገውም የሚሉት?

ካሜራማኑ፦ ሰሊጥ እኮ በየዓመቱ ይታጨዳል። የፈለገ ሰው በጥቅምት ወርዶ ይቅረጽ። ገበያም ቢሆን በየሳምንቱ አለ።

መምህርቷ፦ ማንም ያልጠበቀው ምስል ምን እንደሚያደርግ ከዚሁ ከሰፈራችን ልንገርዎት። አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ሲቋቋም 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ተከልሎለታል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የአካባቢው ሰው አንበሳ አለ ይል ነበር፤ ተመራማሪዎች ግን በእጃቸው ማስረጃ አልነበራቸውም። ተመራማሪው ሐንስ ባወር የሚመሩት ቡድን በጫካው ውስጥ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ የሚያነሡ ካሜራዎችን አጠመደ። በጥር 2008 ዓ.ም. የአላጥሽ አንበሳ በምስል መረጋገጡን ዓለም ሰማ። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉም ተገመተ። ገበሬው በአፉ ሲናገረው የኖረው ነገር በአንድ ምስል መዝገብ ውስጥ ገባ።

ካሜራማኑ፦ አንበሳማ ሌላ ነው። አንድ ምስል ይበቃዋል፤ አለ ወይስ የለም ነው ጥያቄው። የእኔ ሰሊጥ ምኑን ያስረዳል?

መምህርቷ፦ ከአጫጆቹ ጀርባ ያለውን ያስታውሱታል? የድሮዎቹ ካሴቶች ላይ ማለቴ ነው።

ካሜራማኑ፦ ጀርባውማ ጫካ ነበር። የዕጣን ዛፍ፣ ግራር፣ ሽመል። በአንዳንዱ ቦታ ትራክተሩ ገና አልገባም ነበር። ዛሬ እዚያው ላይ ብትቆሚ ዓይንሽ እስከሚደርስ እርሻ ነው።

መምህርቷ፦ እርስዎ አጫጁን ሲቀርጹ ጫካውን ሳያስቡት ቀረጹት። ኤዲተሩም አጫጁን ሲቆርጥ ጫካውን አብሮ ቆረጠው። የመተማ የዕጣን ዛፍ እንዴት እንደተመናመነ ለሚያጠና ሰው ያ የተጣለው ክፍል ከተሠራው ፊልም ይበልጣል። የቀን ሠራተኛው የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ በምን እንደተጓዘ፣ ምን እንደለበሰ በዚያው አለ። ማንም ይህን ለመመዝገብ ብሎ ካሜራ አላነሣም፤ ለዚህም ነው የሚታመነው። የእንግሊዙ ፓቴ የዜና ፊልም ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2014 ወደ 85,000 የሚሆኑ ፊልሞቹን ለሕዝብ ሲለቅ፣ በዘመኑ በሲኒማ ቤት ያልታዩ፣ ከዜናው የተረፉ ቁራጮችም አብረው ወጥተዋል። ዛሬ ተመራማሪ ከዜናው እኩል ያያቸዋል።

ካሜራማኑ፦ እሱስ ይሁን። ነገር ግን የፓቴ ፊልም መዝገብ አለው። የእኔን ካሴት የሚያየው ሰው ቦታው ኮኪት ይሁን ቋራ በምን ያውቃል? ያ ጎጆ የሚቀልሰው ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ካሴቱ ላይ የተጻፈው «ሰሊጥ 2» ነው።

መምህርቷ፦ ዋናውን ነገር ነገሩኝ፣ ጋሼ። ሰው ስለ ካሴቱ ዕድሜ ይጨነቃል፤ ስለሚያውቀው ሰው ዕድሜ ግን አይጨነቅም። በእ.ኤ.አ. 1994 የሩዋንዳ ጭፍጨፋ ጊዜ ኒክ ሂውዝ የተባለ ካሜራማን ኪጋሊ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኖ ማዶ መንገድ ላይ ሰዎች ሲገደሉ ቀረጸ። ግድያው ሲፈጸም በካሜራ ከተያዙት እጅግ ጥቂት ምስሎች አንዱ ነው። አሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም በማስረጃነት ቀርቧል። ዓለም ደጋግሞ ያየው ምስል ነው፤ ሆኖም የተገደሉት እነማን እንደሆኑ ለብዙ ዓመታት የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ወደ ሰፈሩ ተመልሰው ሲያጣሩ ከመካከላቸው አባትና ልጅ እንደነበሩ ታወቀ፤ ቤተሰብም ስማቸውን ተናገረ። ምስሉ ያው ነው፤ ስም ሲገኝለት ግን ከፍርድ ማስረጃነት አልፎ የቤተሰብ ታሪክ ሆነ።

ካሜራማኑ፦ ስለዚህ ካሴቱን ከመገልበጥ በፊት እኔን ገልብጪኝ ነው የምትይው።

መምህርቷ፦ አዎ። አብረን እየተቀመጥን እርስዎ ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ድምፅዎንም በስልክ እቀዳለሁ። የት፣ መቼ፣ ማን፣ ለማን ተቀረጸ፣ ሰውዬው ሲቀረጽ ምን ተባለ። ምስሉ ባይታይ እንኳ ከካሴቱ ስያሜ ተነሥተው የሚያስታውሱት ብዙ ነው።

ካሜራማኑ፦ ጥሩ። አሁን ደግሞ እኔን ስሚኝ። ላቃጥል ያልኩት ቤት ስለጠበበኝ ብቻ መስሎሻል። የምፈራው ሌላ ነው። ምስል ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚናገረው ድምፅ የቀራጩ አይደለም፤ የያዘው ሰው ድምፅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ የቀረጸውን እንግሊዛዊ ታውቂዋለሽ።

መምህርቷ፦ ጆናታን ዲምብልቢ። ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ገንዘብም እርዳታም አስነሣ።

ካሜራማኑ፦ በዓመቱስ? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ያው የወሎ ረኀብተኛ ከቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ከንጉሡ ውሾች ጋር እየተፈራረቀ ተቀጣጥሎ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን የፖለቲካ እጅ ነበር። እርዳታ እንዲመጣ የተነሣ ምስል መንግሥት ለማውረድ ዋለ። ያቺ ካሜራ ፊት የተቀመጠች የወሎ እናት ለየትኛውም አልተጠየቀችም። እኔ የቀረጽኩት የተቃጠለ ቤት እንዲሁ ተወስዶ በላዩ የጥላቻ ቃል ቢነገርበት ተጠያቂው ማነው? ቤቱ የማን ወገን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ቪዲዮውን የሚያዞረው ሰው ግን የፈለገውን ወገን ስም ይሰጠዋል።

መምህርቷ፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ዩቲዩብ ላይ እንጫን ያልኩትን ነገር እንደገና ላስበው ይገባል።

ካሜራማኑ፦ አስቢው። ይህ ጠረፍ ነው። እዚህ ሰው የሚሻገረው ስሙን ደብቆ፣ ሌሊት ሄዶ፣ ለደላላ ከፍሎ ነው። ዛሬም ድሮም።

መምህርቷ፦ የድሮውን ካነሡ፣ ከዚሁ ቆላ የሚነሣ ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ ቤተ እስራኤሎች ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከጠገዴ፣ ከአርማጭሆ እየተነሡ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በገዳሪፍ አቅራቢያ በኡም ራኩባ ካምፕ ተጠለሉ። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ዘመቻ ሙሴ የተባለው፣ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የማጓጓዙ ሥራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. በምሥጢር ተጀመረ። ወደ 8,000 ሰው ከተጓጓዘ በኋላ ወሬው በይፋ ወጣ። ሱዳን ከዐረብ አገሮች የሚመጣባትን ግፊት ፈርታ በረራውን አቋረጠች፤ ታኅሣሥ 27 ቀን ቆመ። ብዙ ሰው በካምፕ ቀረ፤ ከፊሉን በኋላ አሜሪካኖች አወጡት። ወሬው እውነት ነበር፤ የወጣበት ሰዓት ግን ቤተሰብን ለሁለት ከፈለ።

ካሜራማኑ፦ ይኸው። እኔ በስልኬ የቀረጽኩት የሱዳን ስደተኛ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ካርቱም ተመልሷል፤ ምናልባት ወንድሙ ከአንዱ ወገን ጋር ተሰልፏል። ኩመርና አውላላ ካምፕ የገቡት እንኳ ጥቃትና ዝርፊያ በዝቶባቸው በ2016 ዓ.ም. ካምፑን ጥለው ወደ መንገድ የወጡ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ፊታቸውን እያሳየሁ ለዓለም ልልቀቃቸው?

መምህርቷ፦ አይልቀቁ። ነገር ግን አያጥፉ። ሁለታችንም አንድ ስሕተት ላይ ነበርን፤ ማስቀመጥንና ማውጣትን አንድ አድርገን አይተናቸዋል። እርስዎ ማውጣቱን ስለፈሩ ሊያቃጥሉ አሰቡ፤ እኔ መጥፋቱን ስለፈራሁ ላወጣው አሰብኩ። ብዙውን ማስቀመጥ፣ ጥቂቱን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ደግሞስ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ነገር ተቀምጧል ማለት አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2017 የድርጅቱ ማጣሪያ ሥርዓት ከሶርያ ጦርነት የተጫኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን አውርዷቸዋል፤ ብዙዎቹ የሰብዓዊ መብት ጥሰት የሚያሳዩ ነበሩ። ዋናውን በእጁ ያላስቀረ ሰው ማስረጃውን አጣ።

ካሜራማኑ፦ ሕጉስ ምን ይላል? ካሜራው የእኔ ነው፤ ካሴቱም የእኔ ነው።

መምህርቷ፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠሪው መብት ይሰጣል። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ያለ ሰውዬው ፈቃድ ምስሉ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ለታወቀ ሰው፣ ለሕዝብ ጉዳይና በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር ልዩ ሁኔታ አለው። ስለዚህ ገበያው መውጣት ይችል ይሆናል። በካላዛር የታመመው ወጣት ግን ሌላ ነው። በሽታው ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ ካልታከመ የሚገድል ነው፤ ቆላ ለሥራ የወረደ ድሃ ላይ ይበረታል። ያ ልጅ ካሜራ ሲዞርበት እምቢ የማለት አቅም ነበረው?

ካሜራማኑ፦ አልነበረውም። ሐኪሙ ፈቀደ፣ ቀረጽኩ። የልጁን ፈቃድ የጠየቀ የለም። በዘመኑ እንዲህ ነበር የሚሠራው።

መምህርቷ፦ ድኖ ከሆነ የት እንደሚገኝ ይታወቃል?

ካሜራማኑ፦ አገሩን አውቃለሁ። ማፈላለግ ይቻላል።

መምህርቷ፦ እንግዲህ ውሳኔው የእሱ ነው። አስቀምጡልኝ ካለ ይቀመጣል፤ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ ይታይ ካለም እንደዚያው፤ አጥፉልኝ ካለ ደግሞ ይጠፋል። ካልተገኘ ይታሸጋል፤ ፊቱ አይወጣም። እኔ የማምንበት ደንብ ይህ ነው፦ ምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ይጥፋ ካለ የታሪክ ተመራማሪ ፍላጎት አይበልጥበትም።

ካሜራማኑ፦ የሞቱትስ? ከቀረጽኳቸው ሠርገኞች ስንቱ አልፏል። እናቱን በድንገት በቪዲዮ ስትስቅ ያየ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

መምህርቷ፦ አውቃለሁ። ስለዚህ ፍላሽ ይዞ ሄዶ መስጠት አይበቃም። መጀመሪያ የቤተሰቡን ታላቅ ብቻውን ማነጋገር ነው፤ አለ፣ ትፈልጉታላችሁ ወይ ብሎ። ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ ይቆይላቸዋል። አንዳንዱ ለሙት ዓመት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ልጆቹ ሲያድጉ ይላል። የተፋቱ ባልና ሚስት ሠርግ ደግሞ ለአንዱ ሳይነገር ለሌላው አይሰጥም። የጉሙዙ ጭፈራም ቢሆን ለመንደሩ ሽማግሌዎች በቋንቋቸው ተነግሮ፣ አብረው አይተውት፣ የቱ ለውጭ ሰው እንደሚታይ እነሱ ይለዩት። ለእነሱ ሳይመለስ ለሌላ ቢሰጥ በደል ነው።

ካሜራማኑ፦ መመለሱ ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬ ወስጄ ወስጄ ያልመለስኩት ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። አሁን ከባዱን እናንሣ። የተቃጠለው ቤት።

መምህርቷ፦ እርስዎ ምን ይላሉ?

ካሜራማኑ፦ ላጥፋው ስል ቤቱ የነደደበት ሰው ፊት ይመጣብኛል። ላስቀምጠው ስል መንገዱ ይታየኛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። የጎንደር መተማ መንገድ ላይ ሰው ይታገታል። በፍተሻ ላይ ስልክ ውስጥ በተገኘ ምስል ሰው መከራ የሚያይበት ዘመን ነው። አንድ ቪዲዮ ቤት ያለው ሰው ምን ያህል መሸከም ይችላል?

መምህርቷ፦ ለምስል ተብሎ የሰው ሕይወት አይከፈልም። ይህን አስቀድመን እንስማማ። ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ቀረጻ በቤት ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ መጥፋትም የለበትም። ቅጂው ሳይነካ፣ ሳይቆረጥ፣ ጽሑፍ ሳይለጠፍበት፣ ከአካባቢው ውጭ ያለ የታመነ ሰው ወይም ተቋም ዘንድ ይታሸግ። የሰዎቹ ስም ዝርዝር ከምስሉ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ፤ ለብቻው ይሁን። ነገ ፍርድ ሲመጣ፣ ካሳ ሲጠየቅ፣ እርቅ ሲቀመጥ ያ ቤት መቃጠሉን የካደ ሰው ይኖራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ የሚያሳየው ነገር ይኑረው። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ግን ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓትም አብሮ ላይሄድ ይችላል። ዋናው ፋይል እንዳለ መቀዳት አለበት።

ካሜራማኑ፦ በዚህ ተስማማሁ። በሕይወት እስካለሁ ግን ቁልፉን የሚፈቅደው እኔና ባለቤቱ እንሁን።

መምህርቷ፦ በጽሑፍ ይሁን እንጂ በአፍ አይደለም። ቁልፍ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከጣሊያን እንማር። በእ.ኤ.አ. 1924 የተቋቋመው የሉቼ ተቋም በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር ካሜራ ይዞ ገብቶ አገራችንን ቀረጸ። ያ ሁሉ ምስል ዛሬ ሮም ነው ያለው። የአባቶቻችንን ፊት ለማየት የምንጠይቀው ከዚያ ነው፤ ምስሉም የተቀረጸው በወራሪው ዓይን ነው። እርስዎ የቀረጹት የቆላው ሕይወት በገዛ ሰው ዓይን የታየ ነው። ስለዚህ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሁን አዲስ አበባ ላለው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ፣ ማን ያያል፣ ማን ይጠቀማል፣ ምን እስከ መቼ ይታሸጋል፣ ለተቀረጹት ሰዎች ቅጂ ይሰጣል ወይ የሚለው በውል ላይ ይስፈር። አንድ ቅጂ ደግሞ ከቤተሰብዎ እጅ አይውጣ።

ካሜራማኑ፦ ማጫወቻውስ? ጃፓኖቹ እንኳ መሥራት ትተዋል አሉ።

መምህርቷ፦ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ሥራውን ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ዩኔስኮም በእ.ኤ.አ. 2019 የማግኔት ካሴት ያላቸውን ሁሉ አስጠንቅቋል፤ ከ2025 ወዲህ ማጫወቻም ባለሙያም ማግኘት እጅግ አዳጋች ይሆናል ብሎ። ቀኑ ደርሷል። ሰሊጥ ፍሬው ሲደርስ ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ መሬት ላይ እንደሚረግፍ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ካሴትም ሰዓቱን ካለፈ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን። ዛሬውኑ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አውጥተን ጥላ፣ ደረቅና አየር ያለው ቦታ እናቁማቸው፤ ሲመች ወደ ጎንደር ደጋ ይውጡ። በላዩ እንዳይቀረጽበት የቪኤችኤሱን መከላከያ ጥርስ እንስበረው፤ የሚኒ ዲቪውን ደግሞ እናንሸራትተው። ሻጋታ ያለበትን ፈጽሞ አናጫውተው፤ ካሴቱንም ማጫወቻውንም ያበላሻል።

ካሜራማኑ፦ ሚኒ ዲቪው ስንት ቦታ ይይዛል?

መምህርቷ፦ የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ 13 ጊጋባይት ነው፤ ለመገልበጥም ያንኑ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አንችልም። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የማይገኘውን፦ ጫካውን፣ ሰፋሪዎቹን፣ የሽማግሌዎቹን ንግግር። የሠርጉ ትርፍ ለባለቤቶቹ ተነግሮ የፈለገው ብቻ ይገልበጥ። የተገለበጠው በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት ከተማ ይቀመጥ፤ ሃርድ ዲስክም ይሞታልና በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ይዛወር።

ካሜራማኑ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ታዲያ የሚጠፋ ነገር የለም?

መምህርቷ፦ አለ እንጂ። መሬት ብቻ የታየበት ቀረጻ፣ ተደጋግሞ የተገለበጠ ተመሳሳይ ቅጂ፣ ድምፅም ምስልም የሌለው። ከእነዚህ ሌላ የተቀረጸው ሰው ይጥፋልኝ ያለው። ሌላውን ለማጥፋት እኔም እርስዎም ብቻችንን አንወስን።

ካሜራማኑ፦ እንግዲህ የእኔን ልናገር። አንድ ነገር ፊልም ካልሆነ ዋጋ የለውም ብዬ ኖርኩ። ሙያው እንዲህ ነበር ያስተማረን፤ ባለ ገንዘቡ የሚፈልገውን ቆርጠህ አውጣ፣ ሌላውን ጣል። አሁን ግን ጥያቄው ሌላ ሆኖ ታየኝ። ይህ ምስል ለምን ይጠቅማል ከማለቴ በፊት የማን ነው ብዬ መጠየቅ አለብኝ። የጉሙዙ የጉሙዙ ነው፤ የበሽተኛው የበሽተኛው፤ የስደተኛው የስደተኛው ነው። ጫካው የሁላችን ነው፤ እሱ ይውጣ፣ ይታይ፣ ልጆቻችን ምን እንደነበረ ይወቁ። እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ። አደራ ደግሞ አይቃጠልም፤ ያለ ባለቤቱም ገበያ አይወጣም።

መምህርቷ፦ ከየትኛው ካሴት እንጀምር?

ካሜራማኑ፦ ከሰፋሪዎቹ። ጎጆ ሲቀልሱ ከቀረጽኳቸው ውስጥ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች ሆነዋል። እነሱ ሳያልፉ ስማቸውን ከራሳቸው አፍ ጻፊ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ አሮጌ ካሴት፣ የተረሳ ፍላሽ ወይም የተሰነጠቀ ስልክ ካለ፣ ይጣል ወይስ ይለቀቅ ብለው ከመወሰንዎ በፊት የሚያውቀውን ሰው አስቀምጠው ይጠይቁት። በውስጡ ማን እንዳለ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀረጸ ይጻፉ። ዋናውን ሳይነኩ ቅጂ ያኑሩ። ለተቀረጹት ይመልሱ፤ ፊታቸው አደጋ የሚያመጣባቸውን ያሽጉ፤ ያለ ፈቃድ አይልቀቁ። ይህን ለማድረግ ስቱዲዮም ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና የሚያስታውስ ሰው ይበቃል። የሚያስታውሰው ሰው ግን አይጠብቅምና ዛሬ ይጀምሩ።